ዝገት የበላው ወረቀት

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ድንጋዩ» ይለዋል። ከጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍረው የወጡ የድንጋይ ናሙናዎች የሚቀመጡበትን መጋዘን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቋል። የጥንት ባሕር ደለል ጠጥሮ የሆነውን ብረት ያዘለ ድንጋይ ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል፤ እጅ ላይ ይከብዳል፣ ምስር የሚያካክሉ ፍሬዎች አሉት፣ በሴራሚክ ሸካራ ጀርባ ላይ ሲጭሩት ቡናማ ቀይ መስመር ይተዋል። ውስጡ የቀረው ቀንድ አውጣም ቅርፊቱ ጠፍቶ ብረቱ መልኩን ወርሶታል።

ምን ያደርጋል፣ ድንጋዩ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደተገኘ የሚናገረውን ወረቀት እዚያው ድንጋዩ ላይ በሙጫ ይለጥፍ ነበር። «ሳጥኑ ላይ ጻፍ» ቢሉት፣ ሳጥን ይቀያየራል ብሎ እምቢ አለ። ግትር ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ብረቱ ዛገ፤ ዝገቱ ወረቀቱን ሁሉ በላው።

መጋዘኑ ሊፈርስ ሲል ለጥናት የሚጠቅመውን መርጣ የምትወስድ ባለሙያ መጣች። እኔም አርባ ሁለት ሳጥን ላነሣለት ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ነበርኩ።

«ይሄስ አባባ?»

«የባሕር ነው። ቀንድ አውጣውን አታዪውም?»

«እሱንማ አየሁት። ከስንት ሜትር እንደወጣ ነው የጠየቅኩዎት።»

አገላበጠው። ላሰው። ደግሞ አገላበጠው። እኔ በሆዴ «ዋሽ፣ አንድ ቁጥር ጥራ» እያልኩ ለመንኩት። አልዋሸም።

ጥልቀቱ ያልታወቀ ድንጋይ ለጥናት አይሆንምና አርባ ሁለቱም ሳጥን ለመንገድ መሙያ ተጫነ።

አንዷን ድንጋይ ጉያው ሸጉጦ ቤት ገባና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። እናቴ ታላቅ ወንድሟ ዝም ሲል አይሆንላትም፤ ጨዋታ ለማምጣት ብላ ነው፣

«ጋሼ፣ ከየት አመጣሃት?» አለችው።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጁን ሲያነሣ ፊቱ እስከ ግንባሩ ዝገት ነበር።