ዳኛውን የማሳቅ ቅጣት

ጋዜጣው መዘጋቱን የነገረኝ የበሩ ጥበቃ ነው። እንደ ወትሮዬ የሳምንቱን ካርቱን ክላሰር ውስጥ ከትቼ ስደርስ፣ "አንተም ዕቃህን ልትወስድ መጣህ?" አለኝ። እኔ እዚያ ቤት ዕቃ የለኝም። ደመወዝተኛ ሆኜም አላውቅም፤ ሥዬ አስረክባለሁ፣ የሥራዬን ይከፍሉኛል፣ እሄዳለሁ። የእኔ የሚባል ነገር ቢኖር እጀታው የተሰበረ የሻይ ኩባያ ነበር፤ እሱንም ጥበቃው ሻይ እየጠጣበት ስላገኘሁት ተውኩለት።

መንገድ ላይ ብዙም አልከፋኝም። የከፋኝ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከታክሲ ወርጄ ጋዜጣ አከራዩን ሳየው ነው። ይህ ሰው ጋዜጦቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ መግዛት ለማይፈልግ ሰው ለጥቂት ደቂቃ እያስነበበ የሚኖር ነው። እኔ ጋዜጣው በወጣ ቁጥር እሱ አጠገብ ሊስትሮ ዘንድ ቁጭ ብዬ፣ ጫማዬን እያስጠረግኩ አንባቢ እሰልል ነበር። ሰው ካርቱን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ነገር ማየት ሱሴ ነው። መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠር ያደርጋል። ቀጥሎ አንደኛው የከንፈሩ ጫፍ ብቻ ይነሣል። ከዚያ "ወይ ጉድ!" ብሎ የማያውቀውን ሰው በክርኑ ይጎሽማል። ያንን ካየሁ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ እሰነብታለሁ። ጫማዬም በዚህ ምክንያት ከሰፈሩ ጫማ ሁሉ ይበልጥ ያበራ ነበር።

እንግዲህ እቤት መዋል ጀመርኩ። ባለቤቴ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሕፃን ስታባብል ውላ ስትመለስ እኔን ታባብላለች። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤ ሲከፋኝ ዝም አልልም፣ እለፈልፋለሁ። "ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቀረ! ማን ቀና ብሎ ጋዜጣ ያነባል?" እያልኩ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም ሳወራ ከረምኩ። እሷ አንድም ቀን አልተከራከረችኝም። ዕቁቧ ሲወጣላት ፍሪጅ እንገዛለን ብለን ስንጠብቅ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ከሥራ ስትመለስ አንድ ስስ ካርቶን በብብቷ ይዛ ገባች። ታብሌት ነው፣ ከነብዕሩ።

"ፍሪጁስ?" አልኳት።

"ወጡ ቢበላሽ ይሻላል፣ አንተ ከምትበላሽ" አለችኝ።

ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላችኝ። እንዳታየኝ ብዬ ካርቶኑን አገላብጬ ማንበብ ጀመርኩ፤ የተጻፈው በቻይንኛ ነበር።

ከወረቀት ወደ መስታወት መሄድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወረቀት ብዕርን ያዝ ያደርጋል፤ መስታወት ግን ያንሸራትታል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎቼ ሁሉ ጠጥተው የገቡ ይመስሉ ነበር። ደግሞ በላጲስ ካጠፋሁ በኋላ ፍርፋሪውን እፍ የማለት የቆየ ልማድ አለብኝ። ታብሌቱ ላይም አንድ መስመር ባጠፋሁ ቁጥር እፍ እላለሁ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ስትሰማኝ "በረደልህ?" ትለኛለች። እስካሁንም አልተውኩም።

እጄ ሲፈታ ግን ሥራ የሚሆን ነገር አገኘሁ። ወጣቶቹ በስልክ ሲያወሩ ቃል ከመጻፍ ይልቅ ትንሽ ሥዕል ይላላካሉ፤ ስቲከር ይሉታል። ብዙው የውጭ አገር ድመትና ድብ ነው። እኔ ታዲያ የሰፈሬን ሰው መሳል ጀመርኩ። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሁለት ሰው የሞላ!" የሚል ወያላ አለ። "ዝርዝር የለኝም" እያለች መሳቢያዋን በሆዷ የምትዘጋ ባለሱቅ አለች። ከሁሉም በላይ የተወደደው ግን ጋቢ ለብሰው፣ ኮፍያ አድርገው፣ ክንድ የሚያህል ጣት አንሥተው "ቅጣት!" የሚሉት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው የእድራችን ዳኛ ናቸው።

ዳኛችን ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ ሂሳብም ያስተምሩ ነበር። ከእድሩ አባል ግማሹ፣ እኔን ጨምሮ፣ ተማሪያቸው ነበርን። ለስብሰባ የዘገየ ቅጣት፣ ለቀብር የቀረ ቅጣት፣ ድንኳን ሲተከል ስልክ ያወራ ቅጣት ነው። አንዴ ታክሲ አጥተው እሳቸው ራሳቸው ሲዘገዩ፣ ገብተው ሳይቀመጡ ራሳቸውን ቀጡ። አድልዎ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሳቅም እንዲሁ።

ስቲከሩ ሳላስበው ተዛመተ። ሚስት ለዘገየ ባሏ ትልከዋለች፣ አለቃ ለሠራተኛው ይልከዋል። ከኮልፌ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ከዚያም አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ደወለልኝ። "ጣታቸውን የሚያነሡትን ሰውዬ ዋና አድርገን በየወሩ አዳዲስ ሥዕል ብንሠራስ?" አሉኝ። ጋዜጣው ከተዘጋ ወዲህ ቋሚ ነገር ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴን አቅፌ አሽከረከርኳት። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኝ ነበር፦ ሰዎቹ የሚልኩልኝን የልብ ምልክት ቆጥሬ አልጨርሰውም፣ ፊታቸውን ግን አላይም። ሲስቁ ይሁን ሲያዛጉ በምን አውቃለሁ?

ይህ ሁሉ ሲሆን ዳኛው ምንም አያውቁም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር የሚይዙት። ለፋሲካ ልጃቸው ዘመናዊ ስልክ ገዛችላቸውና የእድሩ ግሩፕ ውስጥ ገቡ። የዚያን ዕለት የእድራችን ገንዘብ ያዥ ደወለችልኝ። አብረን የተማርን ጴንጤ ጎረቤቴ ናት፤ እንደ እኔው ዳኛውን ስታይ አሁንም እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች።

"ወንድሜ፣ ጌታ ይርዳህ" አለችኝ። "ጋሼ ግሩፕ ገብተዋል። መጀመሪያ ያዩት ደግሞ ራሳቸውን ነው።"

በሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ድንኳኑና ሰሃኑ በሚቀመጥበት የእድር ቤት ተሰበሰብን። ስም ተጠራ። የዘገየ አልነበረም፤ ይህን ጉድ ማየት የማይፈልግ ማን አለ? ዳኛው ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና "ተነሣ" አሉኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን እየተጠጋ ነው፤ እጄን ግን እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ አድርጌ ተነሣሁ።

"ይህ ማነው?"

ማንም አይደለም፣ ዝም ብሎ አንድ ሽማግሌ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የለበሱት ያንኑ ጋቢ፣ ያደረጉት ያንኑ ኮፍያ ነው። "እርስዎ ነዎት ጋሼ" አልኩ።

"የእኔ ጣት ይህን ያህላል?"

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ዝም ለማሰኘት ጣታቸውን ሲያነሡ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳይፈቱ ሁሉም እስኪበቃው ጠበቁ።

"ሥዕሉ ይመስላል። በመምሰሉ አልቀጣህም" አሉ። "ነገር ግን ሳንሱሲ ሰፈር ያለችው የልጅ ልጄ በእናቷ ስልክ በየጠዋቱ ይህን ትልክልኛለች። ትንሽ ልጅ ናት። አያቴ ማለት ይህ ነው ብላ ልታድግ ነው። እኔ እኮ እስቃለሁ።"

እርስ በርስ ተያየን። ማንም አይቶ አያውቅማ!

"ቅጣትህ ይህ ነው፦ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ስስቅ ትስለኛለህ። ከመሰለ ሁለቱም ይኑሩ። ካልመሰለ ሁለቱንም ታነሣቸዋለህ፤ ሁለተኛም አትስለኝም።"

በጭብጨባ ጸደቀ። ገንዘብ ያዧ እንኳ አጨበጨበች። እኔ የማስታወቂያ ድርጅቱን እያሰብኩ ቆሜ ቀረሁ።

ቀላል የመሰለው ሰው ይኖራል፤ ጥርስ ጨምር፣ ዓይኑን ጨፈን አድርግ፣ አለቀ። እኔም ሞክሬው ነበር። ባለቤቴ አየችና "የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ አሳሳቅ አለው፤ ያላዩትን ሳቅ መሳል አይቻልም። ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅኩ። ያየ የለም። ገንዘብ ያዧ ብዙ አስባ፣ "አንድ ጊዜ የሳቁ መስሎኝ ነበር፤ ግን አስነጥሷቸው ነው" አለችኝ።

ምን አማራጭ አለኝ? ታብሌቴን ይዤ እቤታቸው መመላለስ ጀመርኩ። እሳቸውም ቅጣት ነውና በሰዓቱ ተዘጋጅተው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ "ጀምር" ይሉኛል። ቀልድ ነገርኳቸው። ታክሲ ውስጥ ስለተኛ ሰው የሚነገረውን፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለ መጠጥ ቤት ሁሉ የሳቀበትን ቀልድ ጨርሼ ስጠብቅ፣ "ሰውዬው ረዳቱ ቀድሞ እንዲቀሰቅሰው ለምን አልነገረውም?" አሉኝ። የድሮ ካርቱኖቼን አወጣሁላቸው። እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ አዩና "ንጹሕ ሥራ ነው" ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን ተናድጄ ስወጣ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ስብሰባው ሲቃረብ ተስፋ ቆርጬ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እርስዎ እየሳቁ አይደለም፣ እኔ ደግሞ የማላየውን አልስልም። ይቅርብኝ፣ ላንሣቸው" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "ለመሆኑ አንተን ሰው ሥሎህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እስቲ ብዕሩን ስጠኝ። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ።"

ብዕሩን እንደ ጠመኔ ያዙት። ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ብቅ አድርገው፣ እኔን ቀና ብለው እያዩ፣ መልሰው እያቀረቀሩ ይስሉ ገቡ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሰው እጅ መሳል ያስፈራል። ሰው ሁሉ በእኔ ፊት ይህን ታግሶ ነው ለካ የኖረው። መጨረሻ ላይ አንዱን ጆሮዬን ሣሉ፤ ትልቅ ነው። ሌላውን ለማስተካከል ሲሞክሩ ደግሞ ከወረቀቱ፣ ማለቴ ከመስታወቱ፣ ሊወጣ ደረሰ። ቆም ብለው አዩት። እኔን አዩኝ። ሥዕሉን ደግመው አዩት።

ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው አፋቸው ላይ ያዙና ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ጋሼ! ደህና ነዎት?" ብዬ ብድግ አልኩ። በጎን ዞሬ ሳያቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እንባቸው ወርዶ፣ ክዳኑ እንዳልገጠመ ማንቆርቆሪያ ቀጭን ድምፅ ከኮፍያው ሥር ይወጣል። እየሳቁ ነው! "ጆሮህ…" ይሉና መጨረስ ያቅታቸዋል። ልስላቸው እጄን ስሰድ ታብሌቱም ብዕሩም እሳቸው ዘንድ ነው። ቆሜ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ስንት ዘመን ሰው ሳስቅ ኖሬ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ሲረጋጉ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" አሉ። "ያን ጊዜ አስተማሪ ተማሪ ፊት አይስቅም ነበር። እናንተ ደግሞ ክፍል ውስጥ የምትሉት ነገር… ሲብስብኝ ወደ ሰሌዳው እዞር ነበር።"

ትዝ አለኝ። ሰሌዳውን ትይዩ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተውን የሚቆዩበት ጊዜ ነበር። እኛ ንዴታቸውን እየዋጡ ይመስለን ነበር፤ ትንፋሻችንን ይዘን፣ ሲዞሩ ማን ይገረፍ ይሆን እያልን እንጠብቃለን። ሲዞሩ ግን ገርፈው አያውቁም። ይህን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

እሁድ ዕለት ሥዕሉን ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። የእድር ቤቱ ውስጥ ስልኩ ሁሉ እየተቀባበለ ጮኸ። ሥዕሉ ሰሌዳ ፊት የቆሙ ሽማግሌ ጀርባ ነው፤ ኮፍያው አፋቸው ላይ፣ ትከሻቸው ጆሯቸው ድረስ ተነሥቷል፣ በጎን በኩል የጠፋች አንድ ዓይን ትታያለች። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ስልኩን ይዞ ቀረ። አልመሰለም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ገንዘብ ያዧ ቀስ ብላ ተነሣች። ዕድል ይሰጠኝም አላለችም።

"ጋሼ" አለች፣ "ያኔ ሦስት ማዕዘን ስንት ጎን አለው ብለው ጠይቀውኝ፣ 'የእኛ ክፍሉ ሦስት ማዕዘን ነው የሌላው ክፍል?' ያልኩዎት ቀን… ወደ ሰሌዳው የዞሩት… ሲስቁ ነበር? እኔ እኮ እቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።"

ዳኛው ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እሷን አዩ፣ ሁላችንንም አዩ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ይመስላል ወይስ አይመስልም ብሎ ድምፅ ያሰጠ ሰው አልነበረም።