በሲባጎ የታጠረው ሣር

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር አንድ የተተወ የድንጋይ ካባ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ የዕፅዋት ባለሙያ ሊያጠናው ሲነሳ ረዳት አድርጎ ያዘኝ። መጻሕፍት እየተዋስኩ ለብቻዬ ያጠናሁትን የማስረዳው ሰው አጥቼ ስለነበር ፈነደቅሁ።

ሥራው ቀላል ነው። እዚህም እዚያም አንድ ሜትር ካሬ በሲባጎ ታጥርና ውስጡ የበቀለውን ትመዘግባለህ። ሣሩ በራሱ ከተመለሰ ካባው እንዲሁ ይተዋል። ካልተመለሰ ግን የቀበሌው ሰው እሑድ እሑድ በዘመቻ አፈር ተሸክሞ ይሞላዋል።

አጥሬ ስጨርስ የቀበሌው ሽማግሌ አቶ ሀሜሶ መጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ገመድ ምንድን ነው?"

"ነገ ባለሙያው የሚያየው እዚህ ውስጥ ያለውን ነው፣ አባባ።"

"ከገመዱ ውጭ ያለውንስ?"

"እሱን አያይም። ሳይንሱ እንደዚህ ነው፤ ከትንሹ ተነስቶ ስለ ትልቁ ይፈርዳል" ብዬ ረዘም አድርጌ አብራራሁላቸው። ከልባቸው ሰሙኝ፣ መርቀውኝም ሄዱ። እንዲህ የሚሰማ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ከባለሙያው ጋር ስንደርስ ካባው እንዳለ አረንጓዴ ነው። በሲባጎ ያጠርኳቸው ካሬዎች ብቻ ተመልጠዋል። ሣሩ ከነሥሩ ተነቅሏል፤ መሬቱ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። አቶ ሀሜሶና ጎረቤቶቻቸው መጥረጊያ እንደያዙ ተሰልፈዋል። በዚያ ዘመን ከበላይ የተላከ ሰው ቀበሌ ድረስ የሚመጣው ጽዳት ሊቆጣጠር እንደነበር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ባለሙያው እኔን አየኝ። እኔ ባዶውን መሬት አየሁ።

አቶ ሀሜሶ ኮራ ብለው ቀረቡን።

"ጓድ" አሉ፣ "ቀበሌያችን አለፈ?"