ጉናን የወጣሁበት ቅዳሜ

ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርሁ ጀምሮ ጉናን በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሣልሁት አላውቅም። ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ጉብታ አደርግና በአንድ በኩል ወደ ጣና፣ በሌላው በኩል ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚወርዱ ወንዞችን አሰምራለሁ። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፤ ፈተና ላይም አይስቱትም። ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሄድሁ ቁጥር በመኪና መስኮት የማየው ተራራ ነው። እግሬ ግን አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም ነበር። ለምን እንዳልወጣሁበት የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የጠየቀኝ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ነው፤ ያውም ታምሜ አልጋ ላይ ሳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ ነበር። ጉንፋን ነው፣ ብርድ ነው እያልሁ ስጎትተው ከርሜ፣ በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሳል የሚያስጎነብሰኝ ሆንሁ። ስድስት ወር መድኃኒት ዋጥሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከጠያቂዎቼ ብዙዎቹ በር ላይ ቆመው “እግዜር ይማርህ” ብለው ነው የሚመለሱት። አልፈረድሁባቸውም፤ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚያ በላይ የምገባ አይመስለኝም። የስፖርት መምህሩ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየመጣ፣ መስኮቱን ራሱ ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ አልጋዬ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። በር የሚሞላ ትልቅ ሰው ነው፤ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል።

አንድ እሑድ “አንተ፣ ያንን ተራራ ዕድሜ ልክህን ታስተምራለህ፤ ለመሆኑ ወጥተህበታል?” አለኝ።

“አልወጣሁም።”

“እንግዲያው ሲሻልህ እንወጣለን። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁህ።”

ሳቅሁና ሳሉ ተነሣብኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ “ምነው፣ ልትገድልብኝ ነው?” ብላ ተቆጣችው።

መድኃኒቱን ስጨርስ ነርሷ ነጻ መሆኔን ነግራኝ፣ በደንብ ብላ፣ በደንብም ተራመድ አለችኝ። በየማለዳው መራመድ ጀመርሁ። መጀመሪያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ቀጥሎ እስከ መናኸሪያው፣ እያለ እያለ ከከተማው ወጥቼ የገብሱን ማሳ ይዤ መሄድ ቻልሁ። ዘንድሮ ኅዳር ሲብት የስፖርት መምህሩ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ትከሻዬን መታ አድርጎ “በል፣ ቀኑ ደረሰ” አለኝ።

አራት ሆንን። ከሁለታችን ሌላ፣ ካርታውን ስልኩ ላይ ጭኖ የመጣው ወጣቱ የፊዚክስ መምህርና የሒሳብ መምህርቷ ነበሩ። እሷ የስማዳ ልጅ ናት። ለትምህርት ስትል የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ከመንደሯ ወገዳ ከተማ ድረስ በእግሯ ስትመላለስ ያደገች ስለሆነች፣ እኛ ስለ ጫማና ስለ ካልሲ ስንመካከር እየሰማች ትስቅብን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዘን ከተራራው ግርጌ አስፋልቱ ላይ ወረድንና ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ተጉዘን መጨረሻዋ መንደር ደረስን። የሒሳብ መምህርቷ ያስተማረቻት ልጅ አባት፣ ጠና ያሉ ገበሬ፣ ቤታቸው አሳደሩን። ሚስታቸው ሽሮ አቅርበውልን ስንበላ ሽማግሌው “ለመሆኑ እላይ ምን ልትሠሩ ነው?” አሉን።

“ልናይ ነው አባባ” አለ የፊዚክስ መምህሩ።

“ልታዩ ብቻ?”

“አዎ።”

ትንሽ አሰቡና “ነገ ቅዳሜ ነው፤ አጨዳ የለም። እናንተ ተራራውን ስታዩ እኔ እናንተን አያለሁ። ይዣችሁ እወጣለሁ” አሉ።

ጠዋት ስንነሣ አመዳይ ወርዶ ያልታጨደው ገብስ ነጭ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት መሩ። እኔ ካሁን አሁን ሳሉ ተነሣ እያልሁ ደረቴን ሳዳምጥ መንገዱን በቅጡ አላየሁትም። ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ቆም ብለው ጠበቁኝና “መምህር፣ ዳገት በጉልበት አይወጣም። ከትንፋሽዎ ጋር ይሂዱ፤ ትንፋሽዎ ቆም ሲል ይቁሙ” አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። የስፖርት መምህሩ ግን ዳገቱን በሩጫ ይወጣና፣ እኛ መዘግየታችንን ሲያይ እየዘፈነ ወርዶ፣ እንደገና ይወጣል። እኛ አንዴ የሄድንበትን እሱ ሁለት ጊዜ ሄዶበታል።

ማሳው አልቆ የአስታው ቁጥቋጦ፣ አስታውም አልቆ የጓሳው ሣር ተተካ። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆመዋል። ረፋዱ ላይ አንዷን ጉብታ ስንሻገር አንዲት ሐይቅ ከፊታችን ታየች። የአካባቢው ሰው ባሕር ቢላትም ትንሽ ናት፤ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ማዶዋን ይመታል። በዙሪያዋ ሣር፣ መካከሏ ላይ ጥንድ ዳክዬ፣ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ውኃው ጠርቶ ወለሉ ላይ ያሉት ጠጠሮች ይቆጠራሉ። የሒሳብ መምህርቷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ነከር አደረገችና እንዲህ ያለ ብርድ አይቼ አላውቅም ብላ ጮኸች፤ ዳክዬዎቹም ተነሥተው በረሩ።

ዳቦና ቆሎ አውጥተን ስንቀመጥ የስፖርት መምህሩ ድምፅ እንደጠፋ ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ድንጋይ ላይ አጎንብሷል።

“ምን ሆንህ?”

“ራሴን… ምንም አይደል፣ ያልፋል።”

ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ፈንጠር አለና አስታወከ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እርምጃውም ይንገዳገድ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ የአየሩን መሳሳት ሊያስረዳን ሲጀምር ሽማግሌው ቀደም ብለው “ተራራው ይዞታል። መድኃኒቱ ቁልቁለት ነው፤ ቶሎ ይውረድ” አሉ። መንገዱ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ቤታቸውም ከጉብታው ላይ እንደሚታይ በዱላቸው አሳዩን።

እውነቱን ልናገርና፣ አዘንሁለት፤ ግን ደስም አለኝ። ከባሕሯ በላይ ያለውን ዳገት አይቼው ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ሆኖ ወደ ደመናው ውስጥ ይገባል። የምመለስበት ሰበብ፣ ያውም የሚያስመሰግን ሰበብ፣ ራሱ መጥቶ እጄ ላይ ወደቀ። “እኔ ይዤው ልውረድ” አልሁ።

የስፖርት መምህሩ ቀና አለ። “አንተ ከወረድህ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።”

“እባክህ አታስቸግር፣ ታመሃል እኮ።”

“አሞኛል፤ አልታወርሁም። ሰበብ ስትፈልግ አያለሁ።”

የሒሳብ መምህርቷ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። “ይኼን የሚያህል ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ አንተ ታነሣዋለህ? እኔ ነኝ የምወርደው” አለችኝ።

“አንቺስ ጫፉን ሳታዪ?”

“ስማዳ ተወልጄ ተራራ ቸግሮኝ ያውቃል?” ብላ ክንዱን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ይዛው ሄደች። ጉብታውን አልፈው እስኪሰወሩ ቆመን አየናቸው።

ሦስታችን ወጣን። ነፋሱ ልብሳችንን እየጎተተ፣ ጉሙ አንዴ ሲዘጋን አንዴ ሲከፍትልን፣ ከግማሽ በላይ እንደደረስን እግሬ እንቢ አለኝ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ተደግፌ ተቀመጥሁና “አባባ፣ እኔን ይብቃኝ። ልጁን ይዘውት ይውጡ” አልሁ።

ሽማግሌው ተነሥ አላሉኝም። አጠገቤ ተቀመጡና ድንጋዩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። “ይህን ድንጋይ አውቀዋለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት በቅሎዬ ጠፍታ ፍለጋ የወጣሁት እስከዚህ ነው። ከዚህ አልፌ አላውቅም” አሉ።

“እንዴ! ጫፉን አያውቁትም?”

“ጫፍ ላይ ምን እህል አለና? ግርጌው ተወልጄ ግርጌው አረጀሁ።” ወደ ላይ አንጋጠው አዩ። “ዛሬ ግን እዚህ ደርሼ ብመለስ ልጄ መሳቂያ ታደርገኛለች። እርስዎ ይረፉ፤ እጠብቅዎታለሁ። ሁለታችንም አናውቀውም፤ አብረን እናየዋለን።”

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይህ ንግግራቸው ከምክር ሁሉ በላይ አነሣኝ። መሪዬ ያላየውን ለማየት ነው የምሄደው አልሁ ለራሴ። አሥር እርምጃ እየሄድን፣ እየቆምን፣ እንደገና አሥር እርምጃ እየሄድን ወጣን። የፊዚክስ መምህሩ ከፊት ሆኖ “ጋሼ፣ አለቀ! ከዚህ በላይ የለም!” ሲል ሰማሁት።

መጀመሪያ ምንም አልታየንም፤ ጉም ብቻ ነበር። ሽማግሌው “ይኸው ነው?” ሲሉ ሦስታችንም ሳቅን። ድንጋይ ተከልለን ስንጠብቅ ነፋሱ ጉሙን ጠራርጎ ወሰደው። በእስቴ በኩል ቢጫና አረንጓዴ ማሳ በማሳ ላይ እየተደራረበ ሲወርድ፣ በጋይንት በኩል ደግሞ ምድሩ ድንገት እየተቆረጠ ወደ ገደል ሲገባ አየሁ። እኔ ሳስተምር ሁለቱን ጎን እኩል አድርጌ ነበር የምሥለው። እኩል አይደሉም። አንዱ ጎን ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሌላው ይወድቃል። ይህን ያህል ዓመት ተሳስቼ ማስተማሬ ሊያሳፍረኝ ሲገባ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ሽማግሌው ደግሞ ከሁሉ በፊት ቤታቸውን ፈለጉ። ሲያገኙት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው “አይ ማነሷ! እዚያች ውስጥ ነው ሰባት ልጅ ያሳደግሁት?” አሉና አማተቡ።

የፊዚክስ መምህሩ ስልክ ኔትወርክ አገኘ። መጀመሪያ የሒሳብ መምህርቷ ጋ ደወልን። “ደርሰናል፤ ቆሎ እየበላ ነው፤ ውሸታም፣ ምንም አልሆነም” አለችን። ቀጥዬ ለባለቤቴ ደወልሁ።

“የት ነህ? እያሳልህ ነው እንዴ?”

“አይደለም፤ እየሳቅሁ ነው። ጫፉ ላይ ነኝ።”

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” አልሁ። “ሰምቻለሁ” አለች፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ነበር። “በል ቀስ ብለህ ውረድ።”

ስንወርድ የስፖርት መምህሩ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ሲያየኝ ተነሥቶ አቀፈኝ። ሽማግሌዎቹን ባልና ሚስት አመስግነን ስንሰናበት፣ ባልየው ከተራራው ጫፍ ሆነው ያዩትን ለሚስታቸው እየነገሩ ነበር፤ ደጅ ድረስ እየሸኙንም አላቋረጡም።

አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ስንጠብቅ የስፖርት መምህሩ “ይህን ነገር ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ” ብሎ ለመነን።

“ሰኞ ደወል ሳይደወል ይሰሙታል” አለች የሒሳብ መምህርቷ።

የመጣው ሚኒባስ የቀረው ለሦስት ሰው የሚሆን ቦታ ብቻ ነበር። የስፖርት መምህሩ እኔን ሊያስቀምጠኝ ክንዴን ያዘኝ። “አንተ በሽተኛ ነህ፣ ተቀመጥ” አልሁት። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ እኔም ጣሪያው እያጎነበሰኝ፣ ወንበሩን ይዤ፣ እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ ቆሜ ሄድሁ።