እንቅርትና ሰባት ልጆች

እንቅርቴ ከእኔ ጋር የኖረው ከባሌ በላይ ነው። ባሌ ቀድሞኝ ሄደ፤ እንቅርቱ ግን ቁጭ ብሎ ማደጉን ቀጠለ። በመንዝ እንቅርት ያለባት ሴት ብርቅ አይደለችም፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጠም ታደርግና ኑሮዋን ትኖራለች። እኔም ምራቄን መዋጥ እስኪያቅተኝ ድረስ እንደዚያው ኖርኩ። ሲብስብኝ ጊዜ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጽፎልኝ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩና በቀዶ ጥገና አስወጣሁት።

ወደ ከተማችን ወደ ዘመሮ የተመለስኩት ስፌት አትርፌ ድምፄን አጥቼ ነው። አፌን ስከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሐኪሙ የድምፅ ነርቭ እንደተነካ፣ እያደር እንደሚመለስ፣ እስከዚያው ግን እንዳላስገድደውና ዝም እንድል ነገረኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ብሎም ጠየቀኝ። የሰው ልጆች አውላለሁ አልኩት በትንፋሼ። ሳቀ። አልፈረድኩበትም።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ልጅ የሚውልበት ቤት የእኔ ብቻ ነበር። የወረዳው መሥሪያ ቤቶች ሴቶችን በብዛት መቅጠር ጀምረው ነበር፤ የተቀጠሩት ሴቶች ይወልዳሉ፤ ወልደው ሳይጠነክሩ ለስብሰባ ይጠራሉ። በዚያ ዘመን ዝናብ ይቀር እንደሆነ እንጂ ስብሰባ አይቀርም። ግምገማ አለ፣ የግምገማው ግምገማ አለ፣ ከሁለቱ የተረፈ ቀን ካለ ሥልጠና አለ። እናቶቹ ጠዋት ልጆቻቸውን እኔ ደጅ ያወርዱና ስለ ሕዝብ ሊጨነቁ ይሄዳሉ። እኔ እቤት ቁጭ ብዬ የሕዝቡን ንፍጥ እጠርጋለሁ።

ሰባት ልጅ በአንድ ክፍል የሚጠበቀው በጩኸት ነው። ከእሳቱ ራቅ፣ ከዝናቡ ግቢ፣ ያን ከአፍህ አውጣ። እናቶቹም እኔን የመረጡኝ ለጉሮሮዬ እንጂ ለትምህርቴ ብለው አይደለም። ሆስፒታል በተኛሁበት ጊዜ ልጆቹን የያዙልኝ ጎረቤቴ እማሆይ ነበሩ፤ ስመለስ ወገባቸውን ይዘው አስረከቡኝ። ልረፍ ብል ማረፍ አልችልም። አንድ ጊዜ ሌላ ቤት የለመደ ልጅ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ልጆቹ ከሄዱ ደግሞ የሚቀርብኝ እንጀራዬ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቤት ከእነሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

በእኛ አገር የታመመ ይጠየቃል። ደግ ልማድ ነው፤ በሽተኛውን የሚጨርሰውም እሱ ነው። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እንቁላል ወይም አንድ ጣሳ ወተት ይይዛል፤ ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ጥያቄውን ይዘረግፋል። እንዴት ጀመረሽ? ምን አሉሽ? ቢላውን አየሽው? ለአንዱ ታሪኩን በትንፋሼ እየጎተትኩ ልጨርስ ስል ሌላው ነጠላውን ከዝናብ አራግፎ ይገባና እስቲ እኔም ከመጀመሪያው ልስማው ይላል። ዝም ስል ከተማ አይታ ኮራች ተባልኩ። ሐኪም ከልክሎኛል ብዬ በእጄ ሳመለክት ደግሞ፣ አይዞሽ ለእኔ ብቻ ትንሽ ንገሪኝ ይሉኛል። ሁሉም ሰው ለራሱ ብቻ ትንሽ ይፈልጋል።

እማሆይ አዘኑልኝና መልሱን እሳቸው ያዙት። ሆስፒታሉን በዓይናቸው አላዩትም፤ ይህ ግን አላገዳቸውም። በመጀመሪያው ቀን ከአንገቴ የወጣው ነገር የበግ ኩላሊት ያክል ነበር። በሳምንቱ የበግ ራስ አከለ። ሦስት ሐኪም በአንድነት ጎትቶ ነው ያወጣው፣ ሲወጣም ድምፅ ነበረው ሲሉ ሰማኋቸውና ዓይኔን ጨፈንኩ። ማስተባበያ ለመስጠት እንኳ ድምፅ ያስፈልጋል።

ልጆቹስ? ድምፅ እንደሌለኝ ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ሐምሌ ስለነበር ደጅ አይወጡም፤ ደጅ ያጡትን ሁሉ ቤት ውስጥ ፈለጉት። አንዱ የምለብሰውን የበግ ጠጉር ባና ጎትቶ ፈረስ አደረገው። አንዷ የበሶ ዱቄቴ ላይ ውሃ ደፋችበት። ዝም ለማሰኘት ጣሳ በዱላ ብመታ ለጣሳው ይጨፍሩ ጀመር። ከየጥጉ እትዬ እያሉ ሲጮሁብኝ እኔም የድሮ አመሌ ሆኖ ጮኼ ልመልስ እታገላለሁ፤ የሚወጣው ግን ፉጨት ነው። ከዚያ አንገቴን በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ።

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ተለወጠ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቁጣዋ ከቁመቷ የሚበልጥ። አንድ ጠዋት ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ተነስታ ጆሮዬ ሥር መጣችና እትዬ ሽንቴ መጣ አለችኝ፣ በሹክሹክታ። በማግስቱ ሌሎቹም እንደ እሷ ሆኑ። እየመጡ ጆሮዬ ሥር ይተነፍሳሉ፤ እርስ በርሳቸውም እንደዚያው። ደሜ ፈላ። ትልቁ ሰው የሚያደርገኝ አንሶ አሁን ደግሞ ንፍጣም ሁሉ በድምፄ ይቀልድብኝ? ጀማሪዋን ጆሮዋን ቆንጠጥ አደረግኳት። ማልቀስ አለቀሰች፤ እሱንም በሹክሹክታ።

ሲውል ሲያድር ግን ወደድኩት። ሰባት ልጅ በሞላበት ቤት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኝ ጀመር። እንቅልፍ ሸለብ የሚያደርገኝም ቀን ነበር። የመጣው ከየት እንደሆነ አልመረመርኩም፤ በሽተኛ የተሰጠውን ይቀበላል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የእኔ እፎይታ ለእናቶቹ ሽብር ሆነ። የዚያች የአራት ዓመት ልጅ እናት ወረዳው ውስጥ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች የምታስተምር ባለሙያ ናት። ቃልቻ አትመኑ፣ ጥላ ወጋኝ ዛር ሰፈረብኝ አትበሉ እያለች በድምፅ ማጉያ ስትመክር ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ አጨብጭቤላታለሁም። አንድ ቀን ወደ ማታ ልጇን ልትወስድ መጣች። ልጅቷ ቤት ውስጥ ሳለች በትንፋሿ ታወራለች፤ ከደጅ ስትወጣ መንደሩን ታደነቁረዋለች። እናትየዋ ደነገጠችና ወደ ውስጥ መለሰቻት፤ ድምፅዋ ጠፋ። አወጣቻት፤ ተመለሰ። ባለሙያ አይደለች፣ ደጋግማ አረጋገጠች። ከዚያ ልጇን አቅፋ፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ በዝናቡ ሮጠች።

በማግስቱ ያልሰማ አልነበረም። ከአንገቴ የወጣው ነገር ማደሪያ አጥቶ ቤቴ ውስጥ ይዞራል፣ የሕፃናቱንም ድምፅ ይሰበስባል ተባለ። የበግ ራስ እንደሚያክልና ድምፅ እንዳለው ደግሞ ከእማሆይ የሰማ ሁሉ ያውቃል። ባለሙያዋ መልእክት ላከችብኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህን ገብቶ ቤቱን ጸበል ይርጭልኝ፣ የልጄም ድምፅ ይመለስ፣ አለዚያ ከሰኞ ጀምሮ አላመጣትም የሚል። ሌሎቹ እናቶች የሚያደርጉት እሷን አይተው ነው፤ የተማረች ናት።

ፈራሁ። የፈራሁት ጥላውን አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ከፍቼው ማንም የማይገባበትን በር ነው። ሄጄ ላስረዳ ብል በምን አንደበቴ?

እሑድ ቤቴ ጢም አለ። የንስሐ አባቴ ጸበሉን በቢጫ ጀሪካን አስይዘው መጡ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ጭን ጭናቸው ላይ አድርገው ተደረደሩ፤ ልጅ የሌላቸውም ለወሬው ሲሉ በር ላይ ቆሙ። አባ ጸለዩ፤ ግድግዳውን ረጩ፤ እኔን ረጩ፤ ልጆቹን እስኪንቀጠቀጡ ረጩ። ከዚያ ወደዚያች ልጅ ጎንበስ አሉና መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው ስምህን ተናገር አሉ። በእኛ ዘንድ ያደረው ነገር ስሙን ካልተናገረ አይወጣም። ልጅቷ ግራ ገብቷት የራሷን ስም ነገረቻቸው፣ በሹክሹክታ። ወየው አለ በር ላይ የቆመው ሁሉ።

አባ ብዙ ልጅ ያጠመቁ ሰው ናቸው። መስቀሉን ከግንባሯ አነሱና ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚህ ስትገቢ ለምንድን ነው የማትጮኺው?»

ጆሯቸው ሥር ተጠግታ ብዙ ተነፈሰች። አባ ቀና ብለው እኔን ለአፍታ ያህል አዩኝና የሰሙትን ለሁላችንም ደገሙት።

«ጮክ ብለን ከጠራናት እትዬም ጮክ ብላ ልትመልስልን ትሞክራለች፤ አንገቷን ያማታል ነው የምትለው።»

እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ አለቀስኩ፤ ማንም ይየኝ ማን ግድ አልነበረኝም። ያን ያህል እንቁላልና ወተት የተሸከመ ትልቅ ሰው አልጋዬን ሲያጣብብ ሰንብቶ፣ ስናገር እንደሚያመኝ ያየልኝ ገና ንፍጡን ጠርጎ ያልጨረሰ ብቻ ነው። የቆነጠጥኩት ጆሮዋ ውል አለኝ፤ አቅፌ ልስማት ፈለግሁ።

ባለሙያዋ ፊቷ ቀላ። አፍራለች፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል።

«ታዲያ እትዬ፣ እንዴት አንድ ቃል አይነግሩኝም? ይኸው ሁላችንም አለን፤ እስቲ ከመጀመሪያው ያስረዱን።»

እውነትም ነው አሉ። በር ላይ የቆሙት ገቡ፤ የተቀመጡት ለመስማት ወደ እኔ ተጠጉ። እኔም ጨዋ አሳዳጊ ያሳደገኝ ሞኝ፣ እንባዬን ጠርጌ አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ከእናቷ ጭን ወርዳ መጣችና መዳፏን አፌ ላይ ለጠፈችው። ጸበልና ንፍጥ ይሸት ነበር። ሊሰሙ የተጠጉት ወደ ኋላቸው አፈገፈጉ፤ አባም ጀሪካናቸውን አስነስተው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ሰባቱም መጡ። እናቶቹ በሬ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ግማሾቹ ነገሩ ገብቷቸው፣ ግማሾቹ አሁንም ፈርተው እንደሆነ አውቃለሁ። ባለሙያዋ መጨረሻ መጣች። ልጇን አስገባችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እንዴት አደሩ እትዬ አለችኝ በሹክሹክታ፤ መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ስብሰባዋ ሄደች። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ጥሩ አድርጎ የጠየቀኝ ትልቅ ሰው አልነበረም።