አባዬ የካራቫኑን ጎማ የገዛ ዕለት

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ ፊደልም ስለምገድፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። አንደኛ ደረጃን የጨረስኩት በመከራ ነው።

አባዬ ኪኔሬት ሐይቅ ሊወስደን ብሎ በመኪና የሚጎተት፣ መኝታ ያለው አሮጌ ካራቫን ገዛ። እማዬ የተሰነጣጠቁትን ጎማዎች አይታ፣ «እነዚህ ሳይቀየሩ ልጆቼ የትም አይሄዱም» አለች። ስለዚህ እዚሁ ናታንያ ከተማ ወዳለ ጎማ ቤት ሄድን። አባዬ ዕብራይስጥ ስለማይሆንለት የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም።

ባለሱቁ ርካሽ ጎማ አመጣ። አባዬ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያውን ዞሮ አየው፤ በመዳፉ መታ መታ አደረገውና ጎኑ ላይ የተሠራበትን ዓመት አነበበ።

«ንገሪው፣ ይኼ ጥርሷ ያለቀ በቅሎ ነው። ለአማቱ ይሽጥላት።»

አንገቴን ደፍቼ ነገርኩት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ከጓዳ የተሻለ አመጣ።

«ይኼም ያረጀ ነው። ሌባ በይው።»

አሁንም አንገቴን ደፍቼ ነገርኩት። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባዬን አቀፈውና ዘንድሮ የተሠሩ ጠንካራ ጎማዎች በርካሹ ዋጋ ሰጠን።

ኪኔሬት በሰላም ደርሰን ተመለስን። አባዬ እስካሁን ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «ነጋዴም እንደ በቅሎ ነው፤ ካልተቆጡት አይገራም» ይላል።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። አንዱንም ስድብ አልተረጎምኩም። መጀመሪያ «አባቴ ፊትህ የታማኝ ሰው ፊት ነው ይላል» አልኩት። ቀጥሎ ደግሞ «የሞተ ወንድሙን ትመስላለህ ይላል» አልኩት።

አባዬ ወንድም ኖሮት አያውቅም።