ግመሏ ቆማለች

የባለቤቴን አባት ሰፈሩ ሁሉ «አባ ግመሌ» ነው የሚላቸው። ግመል አርብተው አያውቁም። ግመሏ የኤሌክትሪክ ባቡር ናት፤ ጭነት የያዙትን ፉርጎዎች ከፊት ሆና የምትጎትተው ሎኮሞቲቭ። ስሟን ያወጡላት የባቡር ጋራዡ ሠራተኞች ናቸው። ጣሪያዋ ላይ ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበሉ ሁለት ታጣፊ ብረቶች ነበሯት። ታጥፈው ሲተኙ ሻኛ ይመስላሉ፣ ሲነሱ ደግሞ ሠራተኞቹ ቀንድ ይሏቸዋል። አንድ ቀን «አባባ፣ ቀንድ ያላት ግመል የትም አገር የለችም እኮ» ብላቸው፣ «እንደሷ የሚጎትትም የትም አገር የለም» አሉኝ ቆፍጠን ብለው።

ታሪኳን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሳ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ከእህቶቿ ጋር በመርከብ ስትመጣ ግራጫ ቀለም ነበራት። አባባ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፤ ሥራቸው እየተንበረከኩ መንኮራኩር ቅባት መቀባት። ከእሷ በፊት መስመሩ ላይ ያለውን ዳገት የሚወጡት የናፍጣ ሞተሮች ነበሩ፤ አንዱ ከፊት እየሳበ፣ ሌላው ከኋላ እየገፋ፣ ጭሱ የሠራተኛውን ሳንባ እየጨረሰ። እሷ ግን ሲሚንቶውንም እህሉንም ብቻዋን ይዛ ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ደግሞ የምትጎትትባቸው ሞተሮቿ ራሳቸው ፍሬን ሆነው ይይዟታል፣ ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ አመንጭታ ለሽቦው ትመልሳለች። «የበላውን የሚመልስ ሠራተኛ እሷን ብቻ ነው ያየሁት» ይላሉ አባባ። «አለቆቻችን ስንት ዘመን አጠገቧ ኖረው ይቺን አልተማሩም።»

ከቅባት ቀቢነት ረዳት፣ ከረዳትነት ነጂ ሆኑ። ትዳር የያዙትም፣ ልጅ የወለዱትም፣ ባለቤታቸውን የቀበሩትም እሷን እየነዱ ነው። አንድ ዓመት ቀለም ጠፍቶ፣ መጋዘን ውስጥ የተገኘው የእሳት አደጋ ባልዲ የሚቀባበት ቀይ ቀለም ብቻ ሆነና ግመሏ እሱን ተቀባች። ከእህቶቿ መሃል ቀይ የለበሰች እሷ ብቻ ናት። በየጣቢያው «እሳት አደጋ መጣች» እየተባለ ሲሾፍባት ከረመ፤ በኋላ ሁሉም አረንጓዴ ሲቀቡ ተገላገለች።

ከዚያ መንገዱ አስፋልት ሆነና የጭነት መኪኖች መጡ። ከመኪኖቹ አንዱን የሚነዳው የእሳቸው ልጅ፣ የእኔ ባል ነው። «ሲሚንቶዬን የወሰደብኝን ሌባ በገዛ ቤቴ ነው ያሳደግኩት» ይላሉ አባባ። ለቀልድ ነው የሚሉት። ባሌ ግን አንድም ቀን ስቆ አያውቅም። ቀጥሎ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ተሸጠ። ሣሩን አጭደው ወሰዱና ግመሏ ሰነፈች አሉ። እህቶቿ አንድ በአንድ ጠፉ፤ እሷ ብቻዋን ግቢው ጥግ ቀረች።

አባባ ጡረታ የወጡ ዕለት እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ልጄን ታቅፌ። የጋራዡ ኃላፊ ተነሳና «ዛሬ አባታችንን እንሸኛለን፤ ግመሏንም በክብር እናቆማታለን» አለ። ሰው አጨበጨበ። አባባ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

እንግዲህ ማቆም በእኛ አፍ ሁለት ነው። ሐውልትም ይቆማል፣ ሥራም ይቆማል። በባቡር ሠራተኛ አፍ ግን አንድ ብቻ ነው፤ «ቆመች» ካሉ አለቀላት፣ ከእንግዲህ አትነሳም ማለት ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃሉን እንዲያ ሲሉት ኖረው፣ በዚያች ቀን ብቻ እንደ ውጭ ሰው ሰሙት። ጣቢያው በር ላይ፣ ከፍ ባለ መደብ፣ ቀንዷን አንስታ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ የምትቆም መሰላቸው። ቦታውን ሳይቀር መርጠውላታል፤ ከትኬት መስኮቱ በስተግራ፣ ተሳፋሪ ሲገባም ሲወጣም የሚያያት።

«እንዴት እንደምትቆም ካላሳየናቸው አዙረው ያቆሟታል» አሉና ሞዴሏን መሥራት ጀመሩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለችው አንዲት ጠረጴዛ በላሜራ ቁራጭ፣ በሽቦ፣ በቆርቆሮ መቀስ ተሞላች። ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ የልጄን አልጋ እዚያ ልዘረጋ አስቤ ነበር። ትንሽ ታገሺ፣ ግመሏ ስትቆም ጠረጴዛው ይለቀቅልሻል ብዬ ራሴን አባበልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቼ ነበር። ልጄን እጇን ይዤ «ይቺን አያትሽ ነድተዋታል» ስላት ይታየኝ ነበር።

ዕቃ የሚያመጡላቸው ጋሽ ብልጭታ ናቸው፤ የጋራዡ በያጅ፣ የድሮ ጓደኛቸው። የዕረፍት ቀናቸው ሲሆን ከለበሱት ኮት ውስጥ አንድ ላሜራ፣ አንድ ጥቅል ቀጭን መዳብ መዘዝ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። ሻይ እቀዳላቸዋለሁ። አባባ ሁሌም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«ግመሌ እንዴት ናት?»

«ቆማለች» ይላሉ ጋሽ ብልጭታ፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ።

«መደቡን ጀመሩት?»

«አንተ ደግሞ፤ እነሱ መቼ ቶሎ ይጀምራሉ?»

አባባ ሄደው አያዩም። ቁልፍ ይዤ በገባሁበት በር እንግዳ ሆኜ አልገባም ብለው ምለዋል። ስለዚህ የጋሽ ብልጭታ ቃል በቂያቸው ነበር፤ ላሜራው እየመጣ፣ ሞዴሏ ጎንና ጎን አወጣች። ስድስቱ የመንኮራኩር አክስሎች፣ የነጂው መስኮት፣ መሰላሉ፣ ሁሉም። ቀንዶቿን ከመዳቡ ሠርተው በጣታቸው ሲነኳቸው እጥፍ ዘርጋ ይላሉ። ልጄ እንድትነካ አይፈቀድላትም፤ እኔም አቧራ እንድጠርግ አይፈቀድልኝም።

የቀረው ጣሪያው ነበር። ጋሽ ብልጭታ ያመጡትን አረንጓዴ ላሜራ አባባ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉ ጀመር። እኔ አጠገባቸው ልብስ አጥፋለሁ። ድንገት እጃቸው ቆመ። አረንጓዴው ሥር ቀይ አለ። ትንሽ ፈገፈጉ፤ ቀዩ ሥር ግራጫ። ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ከዚያ እንደገና አነሱት።

«የባልዲው ቀለም» አሉ። እኔም የያዝኩትን የልጄን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አጠፍኩት።

ጋሽ ብልጭታ በሚቀጥለው ሲመጡ ሻይ እንዳልቀዳ አባባ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ላሜራውን ገፋ አደረጉላቸው።

«ይሄ ከየት ነው?»

ጋሽ ብልጭታ አዩት። ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም። «ከጣሪያዋ» አሉ።

«ቆማለች ብለኸኛል።»

«ቆማለች ነው ያልኩህ። አልዋሸሁህም። ቆማ እኮ ነው የቆረጥናት።»

«ማን ነው የቆረጣት?»

«ማን ይቆርጣል? ጋራዡ ውስጥ ከኔ ሌላ የጋዝ መቁረጫ የሚይዝ አለ? እንቢ ብል ከውጭ ያመጡ ነበር። እነሱ ከወንበርህ ይጀምሩ ነበር። እኔ ከኋላ ጀመርኩ፣ ወንበርህን መጨረሻ አደረግኩት።»

«ያመጣህልኝ ሁሉ ከሷ ነው?»

«መዳቡ ከሞተሯ ነው። ላሜራው ከጎኗ። ሌላው ቢቀር አንተ ቤት ትግባ ብዬ ነው፤ በኮቴ ሥር ደብቄ፣ በዘበኛው ፊት።»

አባባ ላሜራውን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ለካ አንተን ነው።»

ጋሽ ብልጭታ ሳቅ ሊመጣባቸው ነበር መሰለኝ፤ አፋቸው ጀምሮ ተወው። ወጥተው ሄዱ።

እኔ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ አልሆንልኝ ይላል። ሌላው ቢሄድ ፊቷ ተርፎ ይሆናል፣ ፊቷን ግድግዳ ላይ ማቆም ይቻላል ብዬ በማግስቱ ልጄን ለጎረቤት ትቼ ጋራዡ ሄድኩ። ግመሏ የነበረችበት ጥግ ዘይት የጠጣ መሬትና የተቃጠለ ሣር ብቻ ነበር። ዘበኛው ወደ በሩ አመለከተኝ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጎትት የኖረችው በጭነት መኪና ተጭና ሄዳለች።

ኃላፊው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

«በክብር እናቆማታለን ብለው ነበር እኮ፣ በሰው ፊት» አልኩት።

«አዎ፤ አቆምናት። ከሥራ። ታዲያ ሌላ ምን መስሏችሁ ነበር እህቴ?» ግራ የገባው ከልቡ ነው። ከዚያ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ሞዴል እየሠሩ ነው አሉ። ያምጡልንና መግቢያው ላይ በመስታወት ውስጥ እናቆመዋለን።»

ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። መልካም ወሬ የያዝኩ መስሎኝ የኃላፊውን ሐሳብ ነበር ያስቀደምኩት። አባባ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ማቆሙን ለምደውታል» አሉ። «ይቺን እንኳ ይተዉልኝ።»

ጣሪያውን ከዚያው ላሜራ ሠርተው ገጠሙት፤ ፈግፍገው ቀዩን እንደ ወጣ ተዉት። ቀንዶቿን አጥፈው ሙጫ አንጠባጠቡባቸው። ልጄ አጠገባቸው ቆማ ታያለች።

«አያዬ፣ ተኛች?»

«አልተኛችም የኔ እናት። ወንበርሽ ላይ ውጪና ንኪያት፤ ከእንግዲህ አትበላሽም።»

ሞዴሏን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀሏት። ጠረጴዛው ተለቀቀልኝ፤ እንዲህ እንዲለቀቅልኝ ግን አልነበረም የለመንኩት። የልጄን አልጋ ዘረጋሁ። ጋሽ ብልጭታ አሁንም በዕረፍት ቀናቸው ይመጣሉ፣ ኮታቸው ባዶ ነው። አባባ አያናግሯቸውም፣ ሂድም አይሏቸውም። ሻይ እቀዳለሁ፣ ሁለቱም ይጠጣሉ።

ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋው አንድ እግሩ ይወዛወዝ ጀመር። ከላሜራው የተረፈች አንዲት ቁራጭ መሬት ወድቃ አገኘሁና እሷን አጥፌ ከእግሩ ሥር ወሸቅኳት። ቀና ስል አባባ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ደነገጥኩ፤ ላወጣት ጎንበስ አልኩ።

«ተያት» አሉኝ። «ጭነት መቼም አይቀርላትም።»