ወንፈል የማታውቅ ቆጣሪ

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን አንድ ሽመና ፋብሪካ ስሠራ፣ በየሽመና መኪናችን ግንባር ላይ አንዲት ቆጣሪ ነበረች። መኪናው ማግ በወረወረ መጠን ቁጥሯ ይዞራል፤ ድር ተበጥሶ መኪናው ሲቆም እሷም ትቆማለች። ፈረቃ ሲያልቅ አለቃችን ያያታል። ማን እንደለፋ፣ ማን እንደለገመ፣ ማን እድገት እንደሚመኝ ሳይቀር ከእሷ አነበብኩ ባይ ነበር።

አጠገቤ የምትሠራው፣ ከጎረቤላ ገጠር የመጣችው ልጅ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ዘምቷል፤ እሷ የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ማርገዟ ከታወቀ ኮንትራቷ አይታደስም፤ ስለዚህ ሆዷን በሰፊ ካፖርት ሸፍና ትመጣለች። የተበጠሰ ድር ለመቀጠል ግን መኪናው ሥር ማጎንበስ አለ። እሱ አቃታት።

እኛ የገጠር ልጆች ነን፣ ሌላ ምን እናውቃለን? በወንፈል ያዝነው። አገር ቤት ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን እርሻ በጋራ እንደምናርሰው ሁሉ፣ የእሷ ድር ሲበጠስ የራሳችንን ትተን ሮጠን እንቀጥልላታለን። ብድሩን ከወለድሽ በኋላ ትመልሻለሽ እያልን እንስቃለን። የእኛ መኪና ቆሞ የእሷ ይሄዳል።

ለካ ቆጣሪዋ ሁሉንም ይዛለች። አንድ ቀን የፋብሪካው ካድሬ ከአለቃችን ጋር መጥቶ ሰበሰበን። የጎረቤላዋን ልጅ አስነስቶ አስጨበጨበላት። ከሁላችንም በላይ የምትለፋ፣ ዓላማ ያላት ናት አለና ከወዲያኛው ጥግ፣ ትልልቆቹ አዳዲስ መኪኖች ላይ መደባት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «አንቺ፣ ወሬሽ በመኪና ቢቆጠር አንደኛ ትወጪ ነበር» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

እውነቱን ብናገር እንጀራዋን መዝጋቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ጥጉ ሩቅ ነው፣ አንደርስላትም። ጭብጨባው ሳያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እንዳትናገሪ እህቴ፤ እችለዋለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ አለቃችን እኛን ሰነፎቹን ሊያተጋ ከኋላችን ቆሞ ዋለ። ከዚያ ሁሉ መኪና ማዶ የሚታየኝ ቢጫ ሻሿ ብቻ ነበር። ድር ሲበጠስባት ሻሿ ይወርዳል። እጄ ሥራ ላይ፣ ዓይኔ እዚያ። ብቅ ይላል። ደግሞ ይወርዳል። ከምሳ በኋላ ወረደና ቆየ። ከቦታዬ ነቅነቅ ስል አለቃው በጣቱ የእኔን ቆጣሪ አሳየኝ። ተመለስኩ። ሻሿ አልወጣም።

ሁለት ሰዎች ደግፈው ሲያወጧት ካፖርቷ ተከፍቶ ነበር፤ ሆዷን ሁሉም አየው። አለቃችን ግን አስቀድሞ ሄዶ ያየው የቆመችውን ቆጣሪ ነው።